እጅዎን አወጡ ወይ ነው ያልኩት

ዛሬ ማንም እንዳይደውልልኝ። ስልኬ 18 ፐርሰንት ነው የቀረው፤ እሱንም ለዚህ ጽሑፍ ነው የምፈልገው። መብራቱ እንደሆነ እንደምታውቁት ነው።

አዎ፣ የፓርላማ ተወካያችን ከመራጩ ጋር ወደጠሩት ስብሰባ ሄድኩ። «ምን ያደርግልሻል፣ ሱቅሽን ክፈቺ» ያላችሁኝ ሁሉ ልክ ነበራችሁ። ደስ ይበላችሁ።

2 ሰዓት ተኩል ተባለ፣ 2 ሰዓት ተኩል ተገኘሁ። የተከበሩት 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ገቡ። እስከዚያ መድረኩ ላይ የተደረደረውን ሃይላንድ እያየን ቁጭ። ጉሮሮዬ ደርቆ አንዱን ላነሳ ስል አንድ ልጅ እየሮጠ መጣና «እሱ የመድረክ ነው» አለኝ። የመድረክ ውሃ! ለኛ ሻይ ቀረበ። ጅማ ላይ ስብሰባ ጠርቶ ሻይ! ከጎኔ የተቀመጡት ሃጂ ብርጭቋቸውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ የተፈላ ነው ወይስ ብርጭቆ የታጠበበት?» አሉኝ። ከዛሬው ቀን ይዤ የተመለስኩት ጥሩ ነገር ይቺ ብቻ ናት።

ከዚያ ሪፖርት። ሃምሳ ደቂቃ። እኔ ደግሞ ሪፖርቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ትናንት ማታ ያተምኩት እኔ ነኛ! ያለፈውንም ያተምኩት እኔ ነኝ። ያው ነው። ሽፋኑ ላይ ዓመተ ምህረቱን ቀይረውታል፤ ገጽ 4 ላይ ግን አሮጌው ዓመት ተረስቶ ቁጭ ብሏል። ፍላሹን ይዞ ለመጣው ልጅ አሳየሁት። «ተይው እቴ፣ ማን ያነበዋል» አለኝ። ማንም አላነበበውም። የተከበሩት ራሳቸው ገጽ 4 ላይ ሲደርሱ አሮጌውን ዓመት ጮክ ብለው አንብበው አለፉ። አንድ ሰው ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ማይኩ እኔ ጋ ሲደርስ ተነሳሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ማታ ሙሉ የተለማመድኩት ነው፤ ባለቤቴ ምስክር ነው።

«የተከበሩ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ማሻሻያ ሲጸድቅ እርስዎ ደገፉ፣ ተቃወሙ ወይስ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ?»

አለቀ። ይኸው ነው። ሦስት ምርጫ ያለው ጥያቄ። ማትሪክ እንኳ አራት ምርጫ ነው የሚሰጠው።

ሰውዬው ውሃውን ከፈተ። (አንቱታው ከዚህ በኋላ ይቅርብኝ፣ ይቅር በሉኝ።) ጎንጨት አለ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ገጠመው። ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ።»

«ጎበዝ! ግብር ትከፍያለሽ?»

አዳራሹ ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ ብትሰሙ! ከኋላ «ሃሃሃ» የሚለው ያ የምታውቁት ሰውዬ ነው፤ የሱን ዋጋ ደግሞ ነገ እጨምርበታለሁ።

«እከፍላለሁ» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«በጣም ጥሩ። ይሄ ባህል መጠናከር አለበት።» ተጨበጨበ። ለኔ ይሁን ለሱ እንጃ።

«ጥያቄዬ እሱ አልነበረም፣ የተከበሩ።»

«ምክር ቤቱ አዋጁን በአብላጫ ድምፅ አጽድቆታል።»

«እሱንማ ዜና ላይ ሰምቻለሁ። ስለ ምክር ቤቱ አይደለም የጠየቅኩት። እርስዎ እጅዎን አወጡ ወይ ነው ያልኩት።»

ልብ በሉ፤ እኔ «እርስዎ»፣ እሱ «አንቺ»። ፀጉሬ ላይ ሽበት አለ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ድምፅ ልመና ሰፈራችን የመጣ ጊዜ «እናቴ» እያለኝ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ከእናትነት ወደ አንቺ ወረድኩ።

ይሄኔ የመድረክ መሪው ገባ። «ሌሎችም ዕድል ይፈልጋሉ። የእህታችን ሐሳብ እንደ ግብዓት ተይዟል።»

ግብዓት። እኔ ግብዓት ሆንኩ። እንደ ዩሪያ።

ማይኩን ሊቀበለኝ የመጣው ልጅ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሲቪውን ኮፒ በዱቤ የሠራሁለት፣ 140 ብር ያለበት ልጅ። «ይቅርታ እታለም» አለኝና ከእጄ ላይ ፈልቅቆ ወሰደው። ጣቴን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀው። አልለቅም ብዬ ነበር፣ አዎ። አላፍርበትም። ትንሽ አፍርበታለሁ።

አሁን በጣም የሚያናድደውን ልንገራችሁ። መልሱ እሱኑ የሚጠቅመው ነበር! ባለቤቴ መምህር ነው፤ ደመወዙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እየቀለዳችሁበትም ታውቃላችሁ። ከ2008ቱ አዋጅ ጀምሮ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር። 600 ብር! በማሻሻያው 2,000 ሆነ። ከ10,900 ብር በላይ ሲቆረጥ የነበረው 35 በመቶ ደግሞ ከ14,000 በላይ ላለው ሆነ። 2,000 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሱን ተዉት። ግን ከ600 ይሻላል። ስለዚህ ሰውዬው «ደግፌዋለሁ፣ ለባልሽ ደመወዝ ብዬ ነው» ቢለኝ ኖሮ ቆሜ አጨበጭብለት ነበር። «ተቃውሜዋለሁ፣ 2,000 ብር ቀልድ ነው ብዬ» ቢለኝ ደግሞ እልል እልለት ነበር። «ድምፀ ተአቅቦ» ቢለኝ እንኳ፣ እሺ፣ ሰው ይቸገራል እላለሁ። የትኛውንም ቢመልስ አሸናፊ ነው። አልመልስም ብሎ ተሸነፈ። እንዲያውም አልተሸነፈም፤ የተሳቀው በኔ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ትዝ ይላችኋል? ዝናቡን? የጅማ ሰኔ እንዴት እንደሚያዘንብ። አንድ ጃንጥላ ለአራት ይዘን ተሰልፈን፣ ሰልፉ አላልቅ ብሎ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ማታ 3 የተራዘመበት ቀን። የጣቴ ቀለም አልለቅ ብሎኝ ደንበኛ «ቶነር ፈሰሰብሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር። ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ቆሜ አነበብኩ። ያን ዕለት ማንን እንደመረጥኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባሌም። ሚስጥር ነዋ! ሚስጥር መሆን ያለበት የኔ ድምፅ ነው። የሱ አይደለም። እሱ እኔን ወክሎ እጁን ሲያወጣ እጁ የኔም እጅ ነው። የራሴ እጅ የት እንደነበር ባውቅ ነውር አለው?

ሕገ መንግሥቱ ሱቄ አለ። ሸጫለሁ፣ ኮፒ አድርጌያለሁ፣ ለሕግ ተማሪዎች ጠርዣለሁ። ስጠርዝ ደግሞ አነባለሁ። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ አባሉ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ታዲያ ምን ፈራ? በድምፁ እንደማይከሰስ ተጽፎለት ድምፁን የሚደብቅ ሰው የትም አላየሁም። እኔ በሰጠሁት ድምፅ ልከሰስ እችል ይሆናል፤ ዛሬ የሰጠሁትን ድምፅ መላው አዳራሽ ነው የሰማው።

አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል ይላል። በምኑ ላይ ልጣ? እምነት ለማጣት እኮ መጀመሪያ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ድምፁን ራሴ ሳልፈልግ ቀርቼ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የሰውዬውን ስም እየጻፍኩ ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት፦ ችግኝ ሲተክል ሦስት ፎቶ (ሦስቱም አንድ ችግኝ ነው፣ ቅጠሉን አይቻለሁ)፣ ሪባን ሲቆረጥ ከኋላ ቆሞ አንድ ፎቶ፣ እና «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ» ብሎ ሲጀምር የሚቋረጥ ቪዲዮ። ምስጋናው ብቻ አለ። ጥያቄው የለም። ዜናውማ «በዚህን ያህል ተቃውሞ፣ በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። ቁጥር ይነግረኛል፤ ስም አይነግረኝም። 547 መቀመጫ ውስጥ የኔ የትኛው ነው? አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር ፓርላማውን በቴሌቪዥን እያየን ካሜራው ሲዞር «ያውና! ግራጫ ሱፍ የለበሰው!» አልኩ። «ሁሉም ግራጫ ነው የለበሰው» አለኝ። ሲቆጠር እጆች ወጡ። ካሜራው ወደ አፈ ጉባኤው ሄደ። አለቀ።

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲበላ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሳተ፣ ማን ቢጫ እንዳየ፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ብትጠይቁት በደቂቃ ይዘረዝርላችኋል። ዘጠና ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ ሪከርድ አለው። አምስት ዓመት የሚቀመጥ ሰው የለውም።

ደግሞ ሃጂ ከኔ በኋላ ስለ መብራት ጠየቁ። ግልገል ጊቤ አንድ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በመስኮት የምናየው ውሃ። ከ1996 ጀምሮ ያመነጫል፤ 184 ሜጋ ዋት። እኛ ግን ወንዛችን የሚያበራውን መብራት በሻማ ነው የምንጠብቀው። ባለፈው ሳምንት ማሽኔ ወረቀት ጎርሶ መሐል ላይ እንዳለ መብራት ሄደ። የአንድ ደንበኛዬ የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ኦሪጅናሉ! ባል ግማሹ ውጭ፣ ሚስት ውስጥ። ሚስትየው እስኪወጣ ሦስት ሰዓት ተቀምጣ ጠበቀች፤ አንድ ጊዜ ብቻ «እዛው ቢቀር ይሻለኛል» አለችኝ። እና ሃጂ ይህንን ሁሉ በኦሮምኛም በአማርኛም አሳምረው ጠየቁ። መልሱ? «ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን።» ሃጂ ተቀመጡና «የሚመለከተው አካል ከሱ ሌላ ማን ነው?» አሉኝ። የኔም አባት ይሄን አካል ሲጠብቅ ነው የሞተው።

እቤት ስገባ ባለቤቴ ሁሉን ሰምቷል። ከተማዋ ጠባብ ናት። «ማይክ ጎተትሽ አሉ» አለኝ። ስለ ግብሩ አልጠየቀኝም፤ የራሱ ደመወዝ መሆኑን ረስቶታል። «አንቺ ደግሞ፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ፓርቲው ያለውን ነው» አለኝ። እሺ! ይሄንኑ ይበለኛ! «እህቴ፣ እኔ ሳልሆን ፓርቲዬ ነው» ይበል። እሱም መልስ ነው። ከኪሱ ምን ይወጣል?

እሺ፣ 6 ፐርሰንት። ልጨርስ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቅ ልዘጋ መዝጊያውን ግማሽ አውርጄ ሳለ ያ ማይክ ፈልቃቂ ልጅ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ገባ። «እታለም፣ አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት፣ ቸኩዬአለሁ።» ፍላሽ ሰጠኝ። ከፈትኩት። የዛሬው ቃለ ጉባኤ ነው። ፈጥነዋል፣ ልመስክር። ስሜን ፈለግኩ። የለም። ጥያቄዬን ፈለግኩ። የለም። ገጽ 2 ላይ እንዲህ የምትል አንዲት መስመር አለች፦ «ከተሳታፊዎች ስለ ግብር አስፈላጊነት ገንቢ አስተያየት ተሰጥቷል።»

«ስንት ኮፒ?» አልኩት።

«40። በመሥሪያ ቤቱ ስም ያዢው፣ ይከፈላል።»

ሠራሁለት። ሁለቱን ገጽ፣ ግራና ቀኝ፣ በስቴፕል። የሱን 140 ብርም ሳልጠይቀው ወጣ።