መድረኩን ከጣና ዳር አንሱት

ባሕር ዳር ላይ ለሦስት ቀን የሚቆይ የሮክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ቢዘጋጅስ የሚል ሐሳብ ሙዚቃ የሚወዱ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነሳል። እኔ ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ። ከተማዋ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች። ሆቴል አላት፣ ጥላ ያለው መንገድ አላት፣ አየር ማረፊያ አላት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

አልዋጥ ያለኝ ሐሳቡን ተከትሎ የሚመጣው ሥዕል ነው። ሁሉም መድረኩን የሚተክለው ሐይቁ ዳር ነው። ከዘፋኙ ጀርባ ጣና፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ታንኳ ስታልፍ። ለፎቶ ያምራል። ብዙ ሺህ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ለሚውልበትና ለሚያድርበት ግን አይሆንም። ፌስቲቫሉ ይደረግ። ዋናው መድረክና የማደሪያው ድንኳን ግን ከውኃው ይራቅ። ይህ መጀመሪያ ካልተወሰነ ዘፋኝ መጥራቱም ስፖንሰር መፈለጉም ቢቆይ ይሻላል።

ከጉማሬው ልጀምር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ እንዳለ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጀልባ ነጂዎች እንግዳ ጭነው የሚሄዱት እሱን ለማሳየት ጭምር ነው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። በለመደው መንገድ ወጥቶ በለመደው መንገድ ይመለሳል። አሁን በዚያ መንገድ ላይ ጥቂት መቶ ድንኳን ተተክሎ አስቡት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ለሽንት ይነሳል። የስልኩን መብራት ያበራል። ሳያውቀው በእንስሳውና በውኃው መካከል ይቆማል። ጉማሬ ክፉ የሚሆነው ደግሞ ወደ ውኃው የሚመልሰው መንገድ የተዘጋበት ሲመስለው ነው። ለዚህ ሁለት ጥበቃ ቀጥሮ ገመድ መወጠር መፍትሔ አይሆንም።

ጉማሬ ባይኖርም ውኃው ራሱ አለ። ከሰዓት በኋላ የሞቀው ሰው ልብሱን አውልቆ ይገባል። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ማታ ደግሞ የጠጣ ሰው አለ፣ ጨለማ አለ፣ ዋና የማይችል አለ።

ከዚያ ግፊያው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ በሮስኪልዴ ፌስቲቫል ፐርል ጃም የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ መድረክ ላይ እያለ ሕዝቡ ወደ ፊት ተገፋፍቶ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ሮስኪልዴ ከ1971 ጀምሮ ሲዘጋጅ የኖረ ፌስቲቫል ነው። ልምድ አልጎደለውም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ሰው በላይ ሲታጨቅ ሰው እግሩን ማዘዝ ይሳነዋል፤ ማዕበሉ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ በሁሉም አቅጣጫ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ሐይቅ ዳር ግን አንደኛው ወገን ከመጀመሪያው የተዘጋ ነው።

ድምፁም መላ የለውም። ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ነው። መድረኩ ጀርባውን ለጣና ከሰጠ ድምፁ በቀጥታ ከተማው ላይ ይወርዳል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያለው ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ነው። ፊቱን ወደ ጣና ካዞረ ደግሞ ድምፁ ውኃው ላይ ይሄዳል። አየሩ ረጋ ባለ ምሽት ድምፅ በውኃ ላይ ከየብስ ይልቅ ርቆ ይሰማል። ማዶ ደብረ ማርያም አለች፣ ክብራን ገብርኤል አለ። እዚያ ሌሊት ለሰዓታትና ለማኅሌት የሚቆሙ አባቶች አሉ። የባስ ጊታርና የከበሮው ድምፅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ገዳሙ ደጃፍ ሲደርስ ይቅርታ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ምን ዋጋ አለው? እኔ ሮክ እወዳለሁ። ግን ጣና ላይ ጸሎቱ ከእኛ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ነው የመጣው።

አንድ መከራከሪያ አውቃለሁ። ማላዊ ውስጥ ሌክ ኦፍ ስታርስ የተባለው ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሐይቅ ዳር ሲዘጋጅ ኖሯል። ኡጋንዳ ውስጥ ኒየጌ ኒየጌ የጀመረው ጂንጃ ላይ፣ ነጭ ዓባይ አጠገብ ነው። እነሱ ከቻሉ እኛስ? ልዩነቱ መሬቱ ላይ ነው። የማላዊው ዳርቻ ለመዝናኛ የተሰናዳ አሸዋ ነው። የእኛ ዳርቻ ጭቃ፣ ቄጠማና ደንገል ነው። ከተማው ውስጥ የቀረው ክፍት ቦታም ጠባብ ነው። ሆቴሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መሥሪያ ቤቱ ተካፍለውታል። ደንገል ባለበት ዓሣ ይራባል፤ ከየብስ የሚመጣው ቆሻሻም እዚያው ተጣርቶ ይቀራል። በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎችም የሚያርፉት በዚሁ እርጥብ መሬት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። በሦስት ቀን የተረገጠ ደንገል በሦስት ቀን አይበቅልም።

እምቦጩንም አንርሳው። ጣና ከእሱ ጋር ሲታገል ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እምቦጭን የሚያፋፋው ከየብስ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ሐይቁ አፍ ላይ የተቆፈረ ጊዜያዊ ሽንት ቤት መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም ያውቀዋል።

ታዲያ የት ይሁን? ለመጀመሪያው ዓመት እኔ የምመርጠው የባሕር ዳር ስታዲየምንና አካባቢውን ነው። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዋልያዎቹ ሌሶቶን ሲገጥሙ ከተማው ስንት ሕዝብ ማስተናገድ እንደሚችል ታይቷል። ብዙ በር አለው። አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ አለው። እያደገ ሲሄድ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የገበሬ ማሳ መከራየት ይቻላል። እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ የሚዘጋጀው እርሻ ላይ ነው። መሬቱ እንዲያርፍ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ዓመት ይዘለላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ያልተካሄደው ለዚህ ነው። የኛም ውል ይህን ይያዝ። ከመከር በኋላ ማሳው ላይ የሚግጡ ከብቶች አሉ፤ የግጦሹም ካሳ አብሮ ይታሰብ።

ሐይቁ ለጠዋት ይቆይልን። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፤ ጀልባ የሚመረጠው በማለዳ ነው። ማታ ሲጨፍር ያመሸ እንግዳ ጠዋት የደኅንነት ጃኬቱን ለብሶ ወደ ዘጌ ይሻገር። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለም፣ ሥዕሉን ይመልከት፣ የዘጌን ቡና ይጠጣ። ሲመለስ ቆሮሶ ይጠበስለት። ለጀልባ ማኅበራቱም ለዓሣ ጠባሹም የሚገባው ገንዘብ ከሌሊት ጭፈራው ይልቅ ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ውኃ ቁጥር። ይህ ክፍል አሰልቺ ይመስላል፤ ፌስቲቫል የሚፈርሰው ግን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ውድስቶክ የተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል በድጋሚ ሲዘጋጅ ቦታው አስፋልት የበዛበት የቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር። ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ አይቻልም። አንድ ጠርሙስ ውኃ 4 ዶላር ይሸጥ ነበር። የነጻው ቧንቧ ጋ ሰልፉ አያልቅም፤ መጸዳጃው ሞልቶ ፈሰሰ። በመጨረሻው ሌሊት ሕዝቡ እሳት ለኮሰ፣ መደብር ዘረፈ። ጥፋቱን ለሙዚቃው የሰጡ አሉ። እኔ ለተጠማው ሕዝብና ላልታሰበበት ውኃ እሰጣለሁ።

ለእኛ እናስላው። ለአደጋ ጊዜ መጠለያ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠቢያ። 10 ሺህ ሰው በድንኳን ካደረ በቀን 150 ሺህ ሊትር ይሆናል። አንድ ቦቴ 10 ሺህ ሊትር ቢይዝ በቀን 15 ቦቴ ማለት ነው። ለሦስት ቀን 45 ቦቴ። ከየት ይቀዳል? የከተማው ቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለው ነዋሪ ይህን ሲያይ ምን ይላል? ለመቶ ሰው አንድ መጸዳጃ ብንል መቶ መጸዳጃ ያስፈልጋል። በየሌሊቱ የሚመጥ መኪና ይቀጠራል፤ የሚደፋበትም ቦታ በጽሑፍ ይታወቃል። መጠጫ ውኃ በነጻ ይቀርብ፤ ሰው የራሱን መያዣ ይዞ ይምጣ። ያለዚያ ሰኞ ጠዋት የምናየው ሜዳ ሙሉ ሃይላንድና ፌስታል ነው።

ጊዜውስ? በክረምት አይሞከርም። መስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበዛበት ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት፣ ከመጋቢት 5 በኋላ አይገባም። ስለዚህ የሚቀረው ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለው ጊዜ ነው። የነነዌ ሦስት ቀንም በመካከሉ አለ። ሙስሊም ወንድምና እኅቶቻችንንም አስቡ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ለምሳሌ 2019ን ብንወስድ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፤ ረመዳን ግን የካቲት መባቻ አካባቢ ይጀምራል። እንግዲህ ክፍቱ ጥር ከጥምቀት በኋላ ያለው ብቻ ነው። አርብ ጥር 14 ተጀምሮ እሑድ ጥር 16 ቢያልቅ ለጥምቀት ጎንደር የሄደ እንግዳ በመመለሻው ያገኘዋል። ትንሽ ቀን ከቆየም ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያያል።

ጥር ግን ሌላ ጣጣ አለበት። የሠርግ ወር ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጄኔሬተር፣ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራይ ሁሉ ተይዟል። የወጥ ቤት ሴቶች ተይዘዋል። ከወራት በፊት ቀብድ ያልከፈለ አዘጋጅ ባዶ እጁን ይቀራል። አርብ የጾም ምግብ በብዛት ይኑር፤ የሙስሊም ሥጋ ለብቻው ይቅረብ። እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን አይደሉም። ሰው ተከብሬአለሁ ወይስ አልተከበርኩም የሚለው በዚህ ነው።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ብቻ። ሮክ የእኛ አይደለም የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ጃኖ ባንድ የኢትዮጵያን ቅኝት ከሚጮህ ጊታር ጋር አዋሕዶ አሳይቶናል። ሽለላና ፉከራ ሰምቶ ያደገ የጎጃምና የጎንደር ሰው የሮክ ኃይል እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን አገር ውስጥ ያሉት የሮክ ባንዶች ሦስት ቀን አይሞሉም። ስለዚህ አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር በአንድ መድረክ፣ በአንድ ክፍያ ይውጣ። ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ለሽልማት የሚጫወተውን ባለሙያ ፌስቲቫል ላይ በእረፍት ሰዓት መሙያ ማድረግ ነውር ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በግጭቱ የደረሰውን ረስቼ አይደለም። ሰው መንገድ ላይ በሰላም መጓዝ ሳይችል ትኬት መሸጥ አይገባም። ዕቅድ ግን ከአንድ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወረቀት ላይ ያለው ሥራ ሰላሙ እስኪጸና ሊሠራ ይችላል። ቦታው ይለካ፣ ውኃው ይሰላ፣ ከገዳማቱና ከነዋሪው ጋር ይመከር።

ከተማ አስተዳደሩን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት አዘጋጁ የጽዳት መያዣ ገንዘብ በባንክ እንዲያስቀምጥ ያድርግ። ገንዘቡ የሚመለስለት ሜዳው ከተጸዳ፣ መጸዳጃው ተመጥጦ ከተነሳ፣ ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ይሁን። አይቶ የሚፈርመውም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ብቻ አይሁን፤ የአካባቢው ነዋሪና የዓሣ አስጋሪዎቹ ተወካይ አብረው ይፈርሙ።