ባሕር ተመኘን፤ ዓሣ አጥማጁን ማን ጠየቀው?

ወገኖቼ፣ የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. የሆነው ነገር ከልቤ አልወጣ ብሏል። ዕለቱ የአድዋ በዓል ነበር። አባቶቻችን ሳይጠይቃቸው መሬታቸው የገባውን ወራሪ የመለሱበትን ቀን እዚህ ስናከብር፣ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትራችን መለስ ዜናዊ ኬንያ፣ ላሙ ላይ፣ ከኬንያው ፕሬዚዳንት ኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ጋር ለአዲስ ወደብ የመሠረት ድንጋይ እያኖሩ ነበር። ወደቡን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ አውራ ጎዳና፣ ባቡርና የነዳጅ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው ተባለ። አጨበጨብን። «ባሕር ልናገኝ ነው» አልን። ባሕሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።

ባለቤት ነበረው። ላሙ ጥንታዊት የስዋሂሊ ከተማ ያለባት ደሴት ናት፤ ከተማዋ በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። ዓሣ አጥማጆቿ ያላቸው ትናንሽ ጀልባ ነው። ነፋሱ ሲከፋ ሰፊው ውቅያኖስ ላይ መውጣት አይሞክሩትም፤ ማንግሮቭ የተባለ የባሕር ዳርቻ ዛፍ በከለለው፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ነው እንጀራቸው። ወደቡ የተተከለው እዚያው አጠገብ፣ ማንዳ የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው። ትልልቅ መርከብ እንዲገባ የባሕሩ ወለል ተቆፈረ። ውኃው ደፈረሰ፣ ዓሣ የሚራባበት ኮራልና የባሕር ሣር ተጎዳ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ሰዎቹን በወጉ ቁጭ አድርጎ ያማከረ አልነበረም። እኛም፣ ወደቡ ለእናንተም ነው የተባልነው፣ ዝም አልን።

እነሱ ግን ከሰሱ። መንግሥታቸውን፣ የወደብ ባለሥልጣኑን፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን። ስድስት ዓመት ያህል ተመላለሱ። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሊንዲ ያስቻለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ንጹሕ አካባቢ የማግኘት፣ መረጃ የማግኘትና ባህላቸውን ጠብቀው የመኖር መብታቸው ተጥሷል ብሎ፣ ወደ 4,600 ለሚሆኑ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። በዓመቱ፣ ሰኔ 2011 ላይ፣ እዚያው ላሙ ውስጥ ሊሠራ የታሰበው 1,050 ሜጋ ዋት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ፈቃዱ በአካባቢ ጉዳዮች ልዩ ችሎት ተሰረዘ። ሕዝቡ እንደ ሕጉ አልተጠየቀም ተብሎ።

ወደቡ ግን አልቀረም። የመጀመሪያው የመርከብ ማረፊያ ግንቦት 2013 ተመረቀ፤ ካሳው ለዓመታት ተጓተተ። (የእኛ ዕቃ ዛሬም በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ለዚህ ነበር ያጨበጨብነው።) «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ አባቶች። የላሙ ሰዎች ከበቅሏቸው ግማሹን ቢያጡም ፍርድ አይተዋል። እኛ ጭብጦው በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ ቆመን የምናይ ሰዎች ነን።

የሚያንገበግበኝ ሕግ አለማጣታችን ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችሁ ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ፣ ጉዳቱ የግሌ ነው ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማንም ሰው አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ኬንያ ተመሳሳዩን በሕገ መንግሥቷ የጻፈችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከሕገ መንግሥቷ ሰባት ዓመት ቀድመን ጽፈነው ነበር! ምን ሠራንበት? አንድ ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት ከሰሰ፣ ክሱ ውድቅ ተደረገ፣ አለቀ። ለአንድ ክንድ የአጥር ወሰን እስከ ሰበር ችሎት የምንሟገት፣ ከወንድማችን ጋር በውርስ ስንካሰስ የምናረጅ ሕዝብ፣ ወንዝ ሲሞት «የመንግሥት ጉዳይ ነው» ብለን እናልፋለን። አፍንጫችንን ይዘን ድልድዩን እንሻገራለን። እኔም አብሬያችሁ እሻገራለሁ።

ይህን ስጽፍ ሰሚ አገኛለሁ ብዬ አይደለም፤ ተናግሬ ደክሞኛል። ቢሆንም መንገዱን ላስታውሳችሁ። አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ ካላጠገባችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ። ዳኛው አይቀበላችሁ ይሆናል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረብ ይሆናል። ቢሆንም አንዳችሁ ማመልከቻ ጻፉ። ውድቅ እንኳ ቢሆን መዝገብ ይከፈታል፤ የሚቀጥለው ሰው ከባዶ አይነሳም።