በረኛው 10 ዓመቱ ነው፣ ጎሉ ግን የትልቅ ሰው

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ጨዋታ ለማየት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ለሚያውቅ ግን ይሄ ቁጥር ምንም አይነግረውም፣ ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አንዱን ኩርባ ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ከኋላ ሁለት ልጆች ፌስታል ይዘው ያስመልሳሉ፣ ኮቹ ደግሞ ገና ሳንጋመስ "አይዟችሁ ደረስን" ይላል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1900 በታች፣ ስንደርስ ጃኬት ሁሉ ወለቀ፣ ልጆቹ ገና ሲያሟሙቁ በላብ ተጠመቁ።

ልጄ በረኛ ነው። 10 ዓመቱ ነው፣ እጁን ዘርግቶ ቢዘል እንኳ አግዳሚው ብረት ጋር አይደርስም። ጎሉ 7 ሜትር ከ32 በ2 ሜትር ከ44 ነው፣ ያው በቲቪ የምናያቸው በረኞች የሚቆሙበት ልክ። ኳሷም 5 ቁጥር ነች፣ ለዚህ ዕድሜ 4 ቁጥር ነበር የሚሆነው። ሁለተኛው ጎል ሲገባበት ኳሷ ከእጁ አንድ ክንድ በላይ ነው ያለፈችው። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ፣ ያውም የኛው ቡድን ወላጅ፣ "ኧረ ይሄን ልጅ ቀይሩልን፣ እጁን ኪሱ ከቶ ነው እንዴ የሚጫወተው!" ብሎ ጮኸ።

ልቆጣው ዞር ስል ለካ እኔም እየጮህኩ ነበር። "ውጣበት እንጂ! ምን ይገትርሃል!" እላለሁ። ልጄ ኳሷን ከጎሉ ጀርባ አምጥቶ ሲመለስ ማንን ያየ ይመስላችኋል፣ ኮቹን አይደለም፣ እኔን ነው። ከዛ በኋላ ኳስ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ ወደኔ ከዛ ወደ ኳሷ ያያል፣ በዚህ መሃል ሶስተኛው ገባ። ሶስተኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

እኛ ልጅ ሆነን አባቶቻችን ሜዳ ድርሽ አይሉም ነበር፣ ከመጡም ጫማ ጨረስክ ብለው ቀበቶ ይዘው ነው። ይሄ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን የጨርቅ ኳስና ሁለት ድንጋይ ይዘን ስንጫወት አንድ ነገር እናውቅ ነበር፣ ኳስ ከበረኛው እጅ በላይ ካለፈ "ከላይ ነው፣ አይቆጠርም" ይባላል። ግማሽ ሰዓት እንጨቃጨቅበታለን፣ እየማልን፣ እየተገፋፋን፣ ግን ሕጉ ሕግ ነው፣ በረኛው አጭር ከሆነ ጎሉም ያጥራል። ማንም ኢንስትራክተር አላስተማረንም።

አሁን እኮ የእግር ኳስ ሕጉ ራሱ ለታዳጊዎች ሜዳውን፣ ጎሉን፣ ኳሷንና ሰዓቱን መቀነስ ይፈቅዳል። በጀት የለም የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አይገባኝም፣ ሁለት እንጨት ወደ ውስጥ ተክሎ ገመድ ማሰር ስንት ብር ይፈጃል?

ዕድሜውስ? የዛኛው ቡድን አጥቂ ድምፁ ጎርንኗል፣ ፂም ብጤም ጀምሮታል። እሱን አልወቅስም፣ እኔንም አንድ ወዳጄ "ሁለት ዓመት ቀንስለት፣ ሁሉም ነው የሚያደርገው" ብሎ መክሮኛል። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ በፈረንጆቹ 2009 የልጆቹን ዕድሜ ለማጣራት የእጅ አንጓቸውን በኤምአርአይ ምርመራ ማየት የጀመረው ወዶ አይደለም። እኛ ጋ ኤምአርአይ አያስፈልግም፣ አብሮ አደጉን መጠየቅ ይበቃል። ነገሩ ሁሉም ወላጅ ልጁ ላይ ነገ የሚያልፍለትን ቤተሰብ ነው የሚያየው፣ ድህነቱ ስላለ አልፈርድም፣ ግን 10 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የቤት ኪራይ አይጫንም።

"ካልተጮኸበት ይልፈሰፈሳል" የሚሉኝ አሉ። ልጄ ያንን ቀን አንድ ኳስ አሪፍ አድርጎ አውጥቷል፣ ከእረፍት በኋላ፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ሄጄ ሳለ። ያየሁት አይደለም፣ ሌሎቹ ልጆች ናቸው መኪና ውስጥ የነገሩኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታው እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ነው። ሚስቴን ቆሎ ቁይልኝ ብያታለሁ፣ በዛ አድርገሽ፣ ጠንከር ያለ፣ ሽምብራው የበዛበት። ዘጠና ደቂቃም ባይሆን የልጆቹን ጨዋታ ያህል አፌን ስራ ያስይዝልኛል።