ፈቃዱን የሚያሳልፉበት አድራሻ

በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ በመሥሪያ ቤታችን አንድ ጥያቄ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፦ «ዘንድሮ የት ልትሄዱ ነው?» ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ ቡና እየተጠጣ የሚነሣ ወሬ ነው። ነገር ግን ጥያቄው፣ ሁለት በሮች ወለል ብለው ተከፍተውልኝ እኔ ከሀገር ውስጥና ከውጭ ሀገር የቱ ይሻለኛል እያልሁ የምቀማጠል ያስመስለኛል። ዘንድሮም ሲቀርብልኝ እንደ ወትሮው ፈገግ ብዬ ማለፍ ስላቃተኝ ይህን እጽፋለሁ፤ ረዘም ስለሚል ትዕግሥት ያላችሁ ተከተሉኝ።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት 11 ዓመት አገልግያለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ተጨማሪ ቀን የዓመት ፈቃድ ስለሚያገኝ፣ የእኔ 21 ቀን ደርሷል። ይህ ትንሽ አይደለም። ችግሩ ቀኑ አይደለም፤ ቀኑን ይዤ የምሄድበት ማጣቴ ነው።

በ2011 ነሐሴ፣ ኮሮና የሚባል ነገር ስሙ ሳይሰማ፣ ከባለቤቴና ከትልቋ ልጃችን ጋር ኬንያ ሄደን ነበር። ኬንያን የመረጥነው ለኢትዮጵያውያን ቪዛ ስለማትጠይቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብደረድር እዋሻለሁ። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በ2009 ሥራ በጀመረው ባቡር ተሳፈርን፤ ባቡሩ የጻቮን ፓርክ ሲያቋርጥ ልጄ በመስኮት ዝሆን አይታ ጮኸች። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስታውሰው ዝሆኑን ሳይሆን ከፊታችን የተቀመጡትን ባልና ሚስት ነው። ሁለቱም የናይሮቢ መምህራን ናቸው፤ የነሐሴ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ እየወረዱ ነበር። ስብሰባ የለባቸውም፣ ሠርግ አልተጠሩም፣ የሚጠይቁት የታመመ ዘመድ የለም። ባቡሩ በእነርሱ ዓይነት ቤተሰብ የተሞላ ነበር። በሀገራቸው፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ ለማረፍ ብቻ ይሄዳሉ። ለእኔ ይህ ከዝሆኑ ይልቅ ብርቅ ነበር።

ስንመለስ የጠበቀን «እንኳን ደኅና ገባችሁ» ብቻ አልነበረም። አጎቴ፣ የማከብራቸው ጡረተኛ መምህር፣ ፎቶግራፎቹን አይተው ሲያበቁ «ላሊበላን ሳታዪ ሞምባሳ?» አሉኝ። ከዚያም ላሊበላና የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል እንደሆኑ፣ ፈረንጅ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ውቅያኖስ ተሻግሮ እንደሚመጣ አስረድተውኝ «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሲሉ ደመደሙ። አፈርሁ። እውነታቸውን ነበር፤ ላሊበላን አላየሁም። አሁንም አላየሁም። በመካከሉ ያደረግሁትን ግን አጎቴም ሆኑ «ሀገርሽን ዕወቂ» ባዮች አይጠይቁኝም።

ለ2012 ፋሲካ ላሊበላ ለመሄድ አቅደን ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረና ቤታችን ተከተትን። ወደ 2013 ገና አዛወርነው፤ ጥቅምት 24 ቀን ጦርነቱ ፈነዳ፣ እያደርም ላሊበላ ድረስ ዘለቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ሲፈረም እኛ ቤት ሌላ ዕቅድ ወጣ፤ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ በነሐሴ፣ ብለን ቲኬት ሳይቀር ቆረጥን። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ተቋረጠ። የቲኬቱ ገንዘብ ተመልሶልናል፤ እኔ ከዚህ የበለጠ አልተጎዳሁም። የእኛ ዓይነቱን እንግዳ እየጠበቀ የሚኖረው አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይና ሻማ ሻጭ እነዚያን ዓመታት እንዴት እንዳለፋቸው ሳስብ የራሴን ብሶት ማውራት ያሳፍረኛል። ቢሆንም ወርቁ በእጄ ነበር ሲሉኝ አልቀበልም።

የወቅቱ ነገር ደግሞ አለ። ልጆች ያሉት ሰው የሚጓዘው ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው። የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሀገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁባት መፈክር «የ13 ወር ፀጋ» በእንግሊዝኛው የ13 ወር ፀሐይ ማለት ናት፤ ከእነዚያ 13 ወሮች ልጆቼ ነፃ የሚሆኑት ፀሐይ በማትወጣባቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወሮች የሰሜን ተራሮች በጉም ይሸፈናሉ፣ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። ዝናብ ሸሽቼ ወደ ደናክል ልውረድ ብል ደግሞ ልጆቼን በሙቀት ማቃጠል ነው። አርባ ምንጭ ዋናው ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ስለሆነ ለእኛ የሚስማማው እርሱ ነበር፤ የጫሞን አዞዎች ለልጆቹ ቃል ገብቼላቸውም ነበር። ለአራት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ደምሬ ስጨርስ ግን አዞዎቹን በቴሌቪዥን እንድናያቸው ተስማማን።

ስለዚህ አምና ሐዋሳን መረጥን። ቅርብ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ዓሣ አለው፤ ልጆቹም መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ካገኙ ከዚያ በላይ አይጠይቁም። ከሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ሆቴል ገባን። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በትሕትና ተቀብላን «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» አለችኝ። ከመሥሪያ ቤት አይደለንም አልኋት። «ለየትኛው ሥልጠና ነው?» ለሥልጠና አይደለም። «እሺ፣ የሠርጉ እንግዶች ናችሁ?» ሠርግም የለንም፣ ለዕረፍት ነው የመጣነው ስላት፣ ከመዝገቡ ቀና ብላ ባለቤቴን ዐየችው፤ ልጆቹን ዐየቻቸው፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ የሚከፍለው ማነው?» አለችኝ።

አልተቆጣሁባትም፤ እንዲያውም ያቺ ጥያቄ ለስድስት ዓመት ያብሰለሰልሁትን ነገር በአንድ አፍታ ገለጠችልኝ። በማግስቱ ቁርስ ቤት ስንገባ ከግድግዳው ላይ የአንድ ፕሮጀክት የማጠቃለያ ወርክሾፕ ባነር ተሰቅሏል፤ ከእኛ በስተቀር ሁሉም አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደ ገንዳው ሲሮጡ ጥበቃው መለሳቸው፤ ሙሽሮች ፎቶ እየተነሡ ስለሆነ እስከ 11 ሰዓት መግባት አይቻልም። ማታ የሠርጉ ዘፈን እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ልንወጣ ሒሳብ ስንከፍል ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩ ቀና ሳይል «ደረሰኙ በስንት ይጻፍልዎት?» ሲል ጠየቀኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ጥያቄው ገባኝ። በከፈልሁት ልክ ጻፍልኝ ስለው ግን እርሱ አልገባውም።

በሀገሬ ሆቴል የሚያርፈው ሰው በአበል የሚኖር ነው፤ ወይ ሠርገኛ ነው፤ ወይ በክረምት ከውጭ የሚመጣ ዲያስፖራ ነው። ቢሾፍቱም አዳማም ሐዋሳም ሆቴሎቹ የተሠሩት ለስብሰባ ነው፤ አዳራሹ ከመኝታው ይበልጣል፣ የሻይ ዕረፍቱ ሰዓት ከእንግዳው ዕረፍት ይልቅ ይከበራል። ዋጋውም የሚቆረጠው የድርጅት በጀት በሚችለው ልክ እንጂ ሁለት ደመወዝተኞች በሚችሉት ልክ አይደለም። ሰብሳቢው ዋጋ አይከራከርም፤ የሚከፍለው ከኪሱ አይደለማ። እኔና ባለቤቴ በዚህ ገበያ ውስጥ ከገዛ ኪሳቸው ለመተኛት የሚከፍሉ እንግዳ ፍጥረቶች ነን።

ዋጋው ከተነሣ ማስታወሻዬን ልግለጥ። በስልክ የተነገረኝ የአንድ አዳር ዋጋ 14,000 ብር ነበር። በዚያ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 17,710 ብር ይሆናል። አምስት አዳር 88,550 ብር። ምግቡን፣ ቤንዚኑን፣ ልጆቹ በየሰዓቱ የሚጠይቁትን ለስላሳ ገና አልደመርሁም። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ጓዛችንን ጠቅልለን ተመለስን፤ ለልጆቹ «ሥራ ተጠርቼ ነው» አልኋቸው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ለሀገሬው ሰው የፓርክና የሙዚየም መግቢያ ከውጭ ዜጋው እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚያ የምከሰው የለኝም። ከአልጋውና ከመንገዱ ተርፎ መግቢያው በር ላይ መድረስ ነው ያቃተኝ። ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ በ«ገበታ ለሀገር» ሲለሙም እንደ ብዙው ሠራተኛ ከደመወዜ አዋጥቻለሁ፤ ምስላቸውን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያዋጣሁበትን በአካል ለማየት ግን እስካሁን አልበቃሁም።

«እናቶቻችን እንዴት ይጓዙ ነበር?» የሚለኝ ይኖራል። እናቴ ሦስት ጊዜ ግሸን ማርያም፣ ሁለት ጊዜ ቁልቢ ገብርኤል ሄዳለች፤ ከጽዋ ማኅበሯ ጋር አውቶቡስ ተከራይተው፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ ቅጥር ግቢው ውስጥ አድረው። ከእኔ የበለጠ ሀገሯን አይታለች፤ ሆቴል ግን አድራ አታውቅም። እኔም በዚያው መንገድ ብሄድ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ለንግሥ የሚሄድ ሰው ለስለት ነው የሚሄደው፤ እናቴም አንድ ቀን «ዐረፍሁ» ብላ ተመልሳ አታውቅም። ክፍለ ሀገር ዘመድ ቤት መሄድም እንደዚያው ነው፤ ስትደርሺ ያልደረስሽበት ለቅሶ ይጠብቅሻል።

የውጭው በርስ? አውሮፓ የምትኖር እህት አለችኝ። መኝታውም ምግቡም እርሷ ቤት ስለሆነ፣ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ከሐዋሳው ብዙም አይከፋም ብዬ ለቪዛ አመለከትን። ከ2016 ሚያዝያ ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባወጣው ውሳኔ የሼንገን ቪዛ ጉዳይ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ዩሮውንም በዚያው አስቡት።

ይሁን፤ ገንዘቡን ከፈልን። ከዚያ በኋላ የቀረው እንደምመለስ ማስረዳት ነበር። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ልጆቹ ለሚቀጥለው ዓመት እንደተመዘገቡ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ማረጋገጫ። በአጭሩ፣ ሦስት ሌሊት ዐርፌ ለመመለስ ያልቻልሁባት ሀገር ያለ እርሷ መኖር እንደማልችል በማኅተም አስደግፌ አቀረብሁ። መልሱ በ50ኛው ቀን መጣ፤ ከቅጹ ላይ አንዷ ሣጥን ምልክት ተደርጎባታል፦ የቪዛው ጊዜ ሳያበቃ ለመመለስ ያለዎት ፍላጎት አጠራጣሪ ነው። እህቴ በስልክ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም፤ ለአጎቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ነበር የማስበው። ነገርኋቸው። «ይኸውልሽ! ሀገርሽን ብታዪስ ኖሮ» አሉ።

ኬንያ አሁንም ቪዛ አትጠይቅም። ነገር ግን ያን ጊዜ ለሦስት ሰው የከፈልነውን ዛሬ ለአራት ሰው፣ በዛሬው ምንዛሪ ሳሰላው ማስታወሻውን ዘጋሁት።

ትናንት የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። ያላወጣሁት ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ መዛወር ስለማይችል ዘንድሮ የግድ መውጣት አለብኝ። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የተጠየቀው ቀን ብዛት፤ ከታች ደግሞ «ፈቃዱን የሚያሳልፉበት አድራሻ» የምትል አንዲት መስመር አለች። የቤታችንን ወረዳና የቤት ቁጥር ጽፌ ቅጹን ለሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ሰጠኋት። ከመስመሯ ላይ ዓይኗን ሳታሳርፍ «ያው እንዳምናው ነው አይደል?» አለችና ማኅተሙን መታችው።