ሕንፃው የታለ?

አባባ ዕድሜ ልካቸውን ፎርማን ነበሩ። ፌሮ አሳስረው፣ ስታፋ ቆጥረው፣ አርማታ አስሞልተው ነው ያሳደጉኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ከኋላዬ መጥተው ቆሙና ላፕቶፔን አዩ። «ምንድን ነው የምትሠራው?» «ሕንፃ ነው አባባ፣ የማስተርሴ፣ ጂ ፕላስ ሰባት።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሕንፃው የታለ?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? የምሠራው በኦፕንሲስ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው «ኖድ 101፣ 0.0፣ 0.0፣ 0.0» እያለ እስከ ታች የሚወርድ የቁጥር መዓት ነው። 180 ኖድ (መጋጠሚያ ነጥብ)፣ 160 ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ 248 ቢም (አግዳሚ)። የሎተሪ ዕጣ የወጣበት ጋዜጣ ነው የሚመስለው።

ኦፕንሲስን ለማታውቁ፣ ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ፣ መነሻው ፍራንክ ማኬና በ1997 እ.ኤ.አ. የጨረሰው የዶክትሬት ሥራ ነው። በነፃ ይወርዳል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ፣ ፌሮው ሲሳብ፣ ሕንፃው አቅም እያጣ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ይከተላል። በስሌቱ በኩል አፌን ሞልቼ የምናገረው ቅሬታ የለኝም፤ ጉድ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? «ሲስ» በእንግሊዝኛ «ያያል» ነው። አዎ ያያል፤ ግን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። እኔ በዳበሳ ነኝ።

መስኮት የለው፣ በተን የለው፣ ማውስ አያውቅ። ጥቁር ስክሪን ይከፈትልሃል፣ ትጽፋለህ። የሚጻፈው ቲክል በሚባል ቋንቋ ነው፤ እሱም እዚያው በርክሌይ የተፈጠረ። የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? ቲክል ቲኬ የሚባል መንትያ አለው፤ የቲኬ ሥራ ደግሞ መስኮትና በተን መሥራት ነው! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። አሁን አሁን በፓይተንም መጻፍ ይቻላል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ያው ጽሑፍ ነው።

ደግሞ ምንም ብትለው እሺ ይላል። ዩኒት የሚባል ነገር አያውቅም፤ በምን እንደምትለካ አንተው ታውቃለህ። እኔ በኪሎኒውተንና በሜትር ጀመርኩ፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ጋ ስደርስ እጄ እንደለመደው በሜጋፓስካል 25 ብዬ ጻፍኩ። 25000 ነበር መሆን ያለበት። ኮንክሪቴ ሺህ ጊዜ ደከመ፣ ጭቃ ሆነ። ሶፍትዌሩ ትንፍሽ አላለም። ሕንፃው በራሱ ክብደት መቆም ሲያቅተው ብቻ «አናሊሲሱ ወድቋል፣ -3» ብሎኝ አረፈ። -3! ጠንቋይ እንኳ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

ይሄንንስ በአንድ ቀን ደረስኩበት። የኮለኑ ግን አሁንም ሆዴን ይበላዋል። ኮለኖቼ 30 በ60 ሳንቲ ሜትር ናቸው። 60ው ወደየት እንደሚዞር የምትነግረው በሦስት ቁጥር ነው፦ ወይ «1 0 0» ወይ «0 1 0»። አንዷን ቦታ ብትስት ኮለኑ ዘጠና ዲግሪ ይዞራል። አራት ማዕዘኑ እኩል ቢሆን ባልጎዳ፤ 30 በ60 ሲሆን ግን በአንዱ በኩል የነበረው ግትርነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ሳትኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሌላ ሰው ሕንፃ ወደ ጎን ስገፋ፣ የውጤቱን ከርቭ ስስል፣ ለአማካሪዬ ስልክላቸው ከረምኩ። እሳቸውም ቁጥሩን ነው የሚያዩት፣ ከየት ይወቁት?

ባለፈው እሑድ ኦፕስቪስ የምትባል የፓይተን መሣሪያ አገኘሁና ሕንፃውን ከነውፍረቱ ሳልኩት። ደስ ብሎኝ «አባባ፣ ሕንፃው ይኸውልዎት!» ብዬ ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፕላን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ። «ኮለኖቹን ማን አዞራቸው?»

አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እንግሊዝኛ አያነቡ፣ ቲክል አያውቁ። ስላዩት ብቻ ነው ያወቁት።

ታዲያ ስዕል ከተገኘ ምን ታማርራለህ ትሉኝ ይሆናል። ስዕሏ ለማየት ብቻ ናት! የዞረውን ኮለን ክሊክ አድርጌ አላስተካክለውም፤ ተመልሼ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ መልቀም አለብኝ። ለኦፕንሲስ ሙሉ መስኮት የሚሆኑ የሉም ማለቴ አይደለም። ናቪጌተር አለ፣ በማትላብ የተጻፈ። ጂአይዲ የሚባል የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ የግሪክ ዩኒቨርሲቲ ሥራ አለ፣ ጥሩ ነው፤ ጂአይዲ ራሱ ግን የሚሸጥ ነው፣ በነፃው የምታገኘው ኖድ የተቆጠረ ነው። ኤስቲኬኦ በጣም ቆንጆ ነው፣ እሱም በገንዘብ። ነፃ ሞተር፣ መሪው በዶላር። ዶላሩን ደግሞ ከየት እንደምናመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ፍሪካድ የሚባል ሌላ የስዕል ሶፍትዌር በተን አለው፣ በነፃ ነው፤ ከጀርባው ሆኖ የሚያሰላለትን ካልኩሊክስን የጻፉት ግን የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ባለሙያዎች ናቸው፤ የማሽን ዕቃ ጥርስ በጥርስ ያሰላልሃል፣ ለእኔ ኮለንና ቢም ግን አልተመቸኝም።

ጓደኛዬ የነገሩን ሁሉ መፍትሔ ይዞ መጣ። «ኢታብስ በፍላሽ ልስጥህና ተገላገል።» ኢታብስ የሚሸጥ የሕንፃ ማስያ ሶፍትዌር ነው፤ እሱ የሚሰጠኝ ክራኩን፣ የተሰረቀውን መሆኑ ነው። እምቢ ስለው እንደ ባሕታዊ አየኝ።

ከሁሉ የሚያናድዱኝ «ማንዋሉን አንብብ» ባዮች ናቸው። አንብቤዋለሁ! «እውነተኛ ኢንጂነር በተን አይፈልግም» የሚልም አለ። በ2017 በፈንታሌ በኩል ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ላይ ከፎቅ በሌሊት ልብስ የወረደው ሰውዬ እኮ የሚፈልገው ኮለኑ በትክክል መቆሙን ነው፣ የእኔን ጀግንነት አይደለም።

ነፃ መስኮት ለምን አይሠራለትም ብዬ አስቤበታለሁ። አዲስ የኮንክሪት ሞዴል ብትጽፍ ፔፐር ይወጣሃል፣ ዶክተር ትባላለህ። በተን ሠርቶ ዶክተር የተባለ አላየሁም። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ግማሽ መስኮት ሠርቶ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀብረዋል። አንዱ በኤክሴል ኖድ ያስወጣል፣ አንዱ በአውቶካድ ሌየር ይለያል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል። ሁሉም ቢገጣጠም አንድ ደህና ነገር ይወጣው ነበር።

የእኔም አለች፣ አልዋሽም። ከኤክሴል አንብባ ኮለኑን በፕላኑ አቅጣጫ የምታቆም፣ የዞረ ካገኘች በቀይ የምታሳይ። ትናንት አንድ ልጅ «ኢንጂነር፣ ለሁላችንም ለቀቅ አድርጋት እንጂ» አለኝ። «ኮዷ ተዝረክርኳል፣ ቲሲሱን ልጨርስና አጸዳታለሁ» አልኩት። «የመጨረሻ 2» የሚል ፎልደር ውስጥ ናት። ኮለኖቹን አዙሬ እንደገና ሩን ያደረግኩት ደግሞ አሁን ደርሷል፦ -3።