«የቤት እንስሳ ይፈቀዳል» ትላላችሁ፣ የት ነው የሚፈቀደው?

ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር ስላለ ዛሬ ልተንፍሰው። ምኞቴ ትንሽ ነበር። ሐይቅና ተራራ ያለበት ቦታ ድንኳን ተክዬ፣ ውሻዬን ቡቺን ይዤ፣ ሦስት ሌሊት ማደር። በቃ። ሄሊኮፕተር ይምጣልኝ አላልኩም።

ፍለጋው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ስልኬ ላይ ተጥጄ ያቺን የውሻ ኮቴ የምትመስል ትንሽ ምልክት ሳድን አመሻለሁ። ምልክቷ ያለችበት ካምፕ ሁሉ «የቤት እንስሳ ይፈቀዳል» ይላል። ፎቶው ላይ ደግሞ አንድ ፀጉሩ የተበጠረ ውሻ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ጀንበር ስትጠልቅ ይመለከታል። እኔ ሞኙ አመንኩ። ቦታ ያዝኩ፣ ከፈልኩ፣ የውሻውን ተጨማሪ ሳይቀር ከፈልኩ፣ ግማሽ ቀን ነድቼ ደረስኩ።

በር ላይ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ሐይቁ ዳርቻ ላይ ውሻ ክልክል ነው። ወደ ተራራው በሚወጡት የእግር መንገዶች ክልክል ነው። የጋራ ማብሰያው አካባቢ ክልክል ነው። ድንኳን ውስጥ ብቻውን ትቶ መሄድ ክልክል ነው፣ መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ። ምናልባት የሚፈቀድበት ቦታ ከጀርባው ተጽፎ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ባዶ ነው።

ለካ የተፈቀደው ድንኳኔ አጠገብ ያለው ጠጠር ላይ፣ በአጭር ገመድ ታስሮ መቀመጥ ነው። እሱማ ቤቴም ይፈቀዳል!

ከዚያ በኋላ ያለው ሽርሽር ሳይሆን የዘበኛ ፈረቃ ነበር። ጠዋት ጓደኛዬ ተራራ ስትወጣ እኔ እጠብቃለሁ። ከሰዓት እኔ ሐይቅ ስወርድ እሷ ትጠብቃለች። ሁለታችን አብረን ያየነው ነገር ቢኖር የመኪና ማቆሚያውን ነው። ቡቺ ደግሞ ካስማው ላይ ታስሮ እየዞረ እየዞረ ገመዱን ድንኳኑ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የራሱ እግር ላይ ጠምጥሞ፣ በመጨረሻ አፍንጫው ከወንበሩ እግር ጋር ተጣብቆ ቆመ። ውሃው ስልሳ እርምጃ ይርቃል። ሽታው ይመጣል። ዓይኑን ከሐይቁ ነቅሎ ወደ እኔ ሲያዞር ምን ብዬ ላስረዳው?

ክልከላው በሙሉ ጅልነት ነው እያልኩ አይደለም። የመኪናው ሕግ ትክክል ነው። ውጪው 24 ዲግሪ ሆኖ ደስ የሚል አየር ነው ስትሉ፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት 43 አካባቢ ይደርሳል፣ መስኮት ትንሽ መክፈትም እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ውሻ እንደ ሰው በላቡ አይቀዘቅዝም፣ ዋናው መውጫው ማለክለክ ነው። የተራራውም ምክንያት ይገባኛል፤ የዱር እንስሳ የሚያሳድድ ውሻ ለእነሱም ለራሱም መከራ ነው። እኔን ያናደደኝ ሕጉ ሳይሆን መደበቁ ነው። ብሩን ስትቀበሉኝ የውሻ ኮቴ፣ በር ላይ ስደርስ የክልከላ ወረቀት!

በግልጽ መጻፍ እኮ ይቻላል። አሜሪካ ያለው ግራንድ ቲተን ፓርክ ሐይቅም ተራራም ሞልቶታል። ውሻ የእግር መንገድ ላይ አይወጣም፣ ሐይቅ ውስጥ አይዋኝም፣ መኪና የሚሄድበት ብቻ ነው የሚሄደው። ጨካኝ ሕግ ነው፣ ግን አስቀድመው ይነግሯችኋል፣ ትተዋላችሁ ወይም ትሄዳላችሁ። እዚያው አገር ያለው አካዲያ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ለውሻ ክፍት አድርጓል። ሁለቱም ጋ የገመዱ ርዝመት ከ1.8 ሜትር መብለጥ የለበትም። እነዚህን ሁለት ቦታዎች አንድ ዓይነት የውሻ ኮቴ ሥር ብትከቷቸው ምልክቷ ምን ነገረችኝ?

ወደ ውሃው ልመለስ፣ እዚህ ላይ ነው ይበልጥ የበገንኩት። በሁለተኛው ቀን ካምፑ ውስጥ የሚሠራውን ልጅ «ለውሻ የሚሆን የሐይቅ ክፍል የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። አለ አለኝ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ፣ ጥግ ላይ። ሄድኩ። ውሃው የቆመ ነው፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የሚመስል ነገር ተንሳፏል። ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለውን የማታውቁ ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እወቁት። ሙቀት ሲሆን፣ ውሃው ሲረጋ፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ሲገባበት ይበዛል። ነፋሱ ገፍቶ ዳር ላይ ያከማቸዋል፣ ውሻው የሚጠጣው ደግሞ ከዳር ነው። ባይጠጣ እንኳ ወጥቶ ፀጉሩን ይልሳል። መርዛማው ዓይነት ጉበትንና ነርቭን ይመታል፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፣ ማርከሻ የለውም። መርዛማውን ከሌላው በዓይን መለየትም አይቻልም። ልጁን ስነግረው «ሰው እኮ ይዋኝበታል» አለኝ። ቡቺን በጉልበት ጎትቼ መለስኩት፣ መንገዱን ሙሉ አኩርፎኛል።

ደግሞ እኛው ባለ ውሻዎቹም አለን። ክልከላውን ያመጣነው በከፊል እኛ ነን። ውሻውን ፈትቶ ለቆ ከሩቅ «አይዞሽ፣ አይናከስም!» እያለ የሚጮኸው ሰውዬ አለ። ቢናከስ እኮ ቀድሞ አይነግርህም! የውሻውን አይነ ምድር በፕላስቲክ ከረጢት ሰብስቦ፣ አስሮ፣ ከዚያ ዛፍ ላይ የሚያንጠለጥለውም አለ። ቅርንጫፉ ይወስድልሃል? ጭራሽ ባታነሳው ይሻል ነበር።

አስተያየቶቹን አታነብም ነበር ወይ ትሉ ይሆናል። አንብቤያለሁ። አምስት ኮከብ የሰጡት ውሻ የሌላቸው ናቸው፣ «እጹብ ድንቅ እይታ» ይላሉ። አንዱ ብቻ «ሣሩ ረጅም ነው» ብሎ ነበር፣ ንቄ አለፍኩት። ማታ በባትሪ ከቡቺ ጆሮና ከጣቶቹ መሃል ሰባት መዥገር ስነቅል ትዝ አለኝ።

አሁን ዘዴ ቀይሬያለሁ። ሳልከፍል በፊት ደውዬ «ውሻ ይፈቀዳል?» ሳይሆን «የት የት አይፈቀድም?» እላለሁ። ትናንት አንዱ ጋ ደወልኩ። ሐይቁ? ይቻላል። ተራራው? ይቻላል፣ በገመድ። የክትባት ወረቀት? አለኝ። ደስ ብሎኝ ልከፍል ስል፣

«ውሻው ስንት ኪሎ ነው?» አሉኝ።

«22።»

«ከ10 በላይ አንቀበልም።»

«ድረ ገጻችሁ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነገር የለም እኮ።»

«አዎ» አሉኝ በትሕትና፣ «የቤት እንስሳ ይፈቀዳል።»