የጉጉቷ ጥፋት ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ጉጉት ከጣሪያ ላይ ስትጮህ የሰማ ሰው፣ «ሞት ልትጠራ ነው» ብሎ እንደየሃይማኖቱ ያማትባል ወይም «አዑዙ ቢላህ» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ድንጋይ ይፈልጋል። ያማተበው ሰው የሚያምንበት ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 18 ሟርተኛውንና ሞራ ገላጩን ከጠንቋዩ ጋር በአንድ ረድፍ ጠርቶ «በአንተ ዘንድ አይገኝ» ይላል። «አዑዙ» ያለውም ቢሆን፣ በወፍ ክፉ ምልኪ ማየትም ሆነ የጉጉት ሟርት መሠረት እንደሌለው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቦለታል። የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋዶና ተጋብቶ መኖሩን በኩራት እናወራለን፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች የከለከሉትን ተባብረን መፈጸማችንን ግን እምብዛም አናነሳውም።

«ሲደርስ በዓይናችን አይተናል» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ይሁን እንጂ ጉጉቷ መቼ እንደምትሰማ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሽተኛ ባለበት ቤት መብራት እስከ ንጋት አይጠፋም፤ አስታማሚው እንቅልፍ የለውም፤ በሌላ ጊዜ ጆሮ የማይሰጠው ኮሽታ ሁሉ ያስደነግጠዋል። ያቺው ጉጉት ከዚያ በፊት በነበሩት ሌሊቶችም ጮኻ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ተኝቶ ስለነበር የሰማት የለም። በሽተኛው ከዳነ ጩኸቷ ይረሳል፤ ከሞተ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ «እኔማ ያን ዕለት ሌሊት ጠርጥሬ ነበር» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የሚያላዝን ውሻ ታሪክም ከዚህ አይለይም፤ ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲወርድ የሰማ ውሻ ቢያላዝን የሚነግረን ስለ ጅቡ እንጂ ስለ ጎረቤታችን ዕድሜ አይደለም።

ምልኪ ከወሬ ባያልፍ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝም ነበር። ጉዳቱ የሚጀምረው እንስሳው ሲመታ ነው። በጣሪያ ሥርና በአሮጌ ግንብ ሽንቁር የምታድረው ጉጉት ዋና ምግቧ አይጥ ነው፤ ጫጩት የሚያሳድጉ ጥንዶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,000 በላይ አይጥና የአይጥ ዘመድ ሊበሉ ይችላሉ። የምትውጠውን አጥንትና ፀጉር አድቦልቡላ ስለምትተፋው፣ ከማደሪያዋ ሥር የወደቀውን ፈርፍሮ ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል። በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሽላውን ከጎተራ አስገብቶ ከአይጥ ጋር ዓመቱን ሙሉ ሲታገል፣ ያለ ደመወዝ የምትጠብቅለትን ወፍ በድንጋይ ማባረሩ የሚያስከፍለውን ዋጋ አስልቶት አያውቅም። ከዚያ ገበያ ወርዶ የአይጥ መርዝ ይገዛል። መርዝ የበላችውን አይጥ ደግሞ ድመቱ ወይም ያችው ጉጉት ትበላታለች።

ስለ ጅብ ስናወራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጅብ ከብት ይፈጃል፣ ሰውም ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የሚፈራው በምልኪ ብቻ አይደለም። ሆኖም በመቀሌ የተደረገ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ምርት እንደሚያስወግዱ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በዓመት አምስት ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየሎችን እንዳይዙ ያደርጋሉ ብሎ ገምቷል። የሐረር ሰው ደግሞ በአሹራ ቀን በቅቤ የራሰ ገንፎ ለጅብ አቅርቦ፣ ጅቡ ደኅና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ይሆናል ይላል። አንዱ አገር የጥጋብ ምልክት ያደረገውን እንስሳ ሌላው የጥፋት ምልክት ካደረገው፣ ምልክቱ ያለው በእኛ ዘንድ እንጂ በጅቡ ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ሁሉም ምልኪ ይጥፋ አልልም። የንብ መንጋ ቤት ሲገባ «ገድ ነው» ብሎ ቀፎ የሚያዘጋጅ ሰው ማንንም አልጎዳም፤ እንዲያውም ማር ያገኛል። በበዓል ዋዜማ «ዶሮዋ ገብስማ ካልሆነች» ብሎ ገበያውን የሚያስስ ሰው የሚጎዳው የራሱን ኪስ ነው፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይቆልላል።

ከሁሉም የከፋው እንስሳውን አልፎ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራውን፣ ጭቃ አቡክቶ ጀበና የሚያበጀውን ሰው «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ማለት ስንት ጋብቻ እንዳስቀረ፣ ስንቱን ከጎረቤቱ እንዳራቀ በየመንደሩ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለ እጁን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ጉጉትን ያለ ጥፋቷ መውገርን የለመደ እጅ፣ ያለ ማስረጃ በሰው ላይ ጣት ለመቀሰርም አይከብደውም።

አዋጅ ያልቻለውን፣ የሰፈር ሰው የሚያከብራቸው አባቶች ሊሞክሩት ይችላሉ። የደሴ ኢማሞች በዓርብ ኹጥባ፣ ካህናቱም በእሑድ ስብከት የጠቀስኋቸውን ቃላት አንሥተው ጉጉቷንና «ቡዳ» የሚባለውን ሰው በስም ጠርተው ቢናገሩ፣ ከአንድ መቶ በራሪ ወረቀት የበለጠ ይደመጣሉ። የግብርና ባለሙያውም ለገበሬው ስለ አይጥ መርዝ ሲያስረዳ፣ የሞተው አይጥ ተለቅሞ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበርና በጣሪያው ሥር ያለው የጉጉት ጎጆ እንዳይፈርስ አብሮ ይንገረው።